ቴስታታው ተቀየረ፤ መኪናው ግን አሁንም ይፈላል

ሰሞኑን በውስጥ መስመር ከሦስት ሰዎች አንድ ዓይነት ጥያቄ ደረሰኝ። አንዱ ወረታ ላይ አይሱዙ ኤንፒአር የሚያሠራ ነው። ሌላው ከአንበሳሜ ሐሙሲት ሚኒባስ ይነዳል። ሦስተኛው የቀድሞ ተማሪዬ ነው፤ ዛሬ የራሱን ጋራዥ ከፍቷል። አነጋገራቸው ይለያይ እንጂ ነገሩ አንድ ነው፦ «መምህር፣ ሞተሩ ሲያሞቅብን ቴስታታ ቀየርን፣ አዲስ ጋስኬትም አስገባን። አሁንም ዳገት ላይ ይፈላል። ቴርሞስታቱን አውጥተን እንጣለው ወይ?»

ለየብቻ ከምመልስ ለሁላችሁም ይሁን ብዬ እዚህ ጻፍኩት። ረዘም ይላል፤ ሻይ ይዛችሁ አንብቡት።

አቋሜን ከመጀመሪያው ልናገር። ቴስታታ ተቀይሮለት መፍላቱን ያልተወ መኪና፣ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያውኑም በሽታው ቴስታታው አልነበረም። ቴስታታው ተጎጂ ነው። ሙቀቱ ያጣመመው፣ የሰነጠቀው፣ ጋስኬቱን ያቃጠለበት ሌላ ምክንያት አለ። እኛ ግን የሞተውን ቀብረን ገዳዩን እዚያው ሞተሩ ውስጥ ትተነው እንወጣለን። ከዚያ አዲሱንም ይገድለዋል።

ሁለተኛው አቋሜ ደግሞ ይህ የሚሆነው መካኒኮቻችን ሰነፍ ስለሆኑ አይደለም የሚል ነው። በአካባቢያችን ዕቃ ይከፈልበታል፣ መፍታትና መግጠምም በመጠኑ ይከፈልበታል። «ቁጭ ብሎ ማየት» ግን ማንም አይከፍልበትም። ስለዚህ ማንም አያይም።

እስቲ በቅደም ተከተል እንሂድ።

ከከፍታችን እንጀምር። ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ብለን የተማርነው በባሕር ወለል ላይ ላለ ሰው ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ውሃው ቶሎ ይፈላል። ወረታና የፎገራ ሜዳ ወደ 1,800 ሜትር ላይ ናቸው፤ እዚያ ክፍት ድስት ላይ የተጣደ ውሃ በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ደብረ ታቦር ወደ 2,700 ሜትር ነው፤ እዚያ በ91 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ሩዝ ወይም ሽንኩርት የጫነ መኪና በዚያች አጭር መንገድ 900 ሜትር ያህል ወደ ላይ ይወጣል ማለት ነው። ሞተሩ ከሁሉ በላይ ሙቀት የሚያመነጨው ውሃው በቶሎ በሚፈላበት አቅጣጫ ሲሄድ ነው። ወደ ጉና ትከሻ እየተጠጋችሁ ስትሄዱ ደግሞ ይብሳል።

አሁን ይህን ከቴርሞስታቱ ጋር አስተያዩት። የብዙዎቹ ናፍጣ መኪኖቻችን ቴርሞስታት በ82 ዲግሪ ገደማ መከፈት ይጀምርና ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው በ95 ገደማ ነው። ደብረ ታቦር ላይ ክዳኑ የማይይዝ ራዲያተር ውስጥ ያለው ውሃ በ91 ይፈላል። እንግዲህ ቴርሞስታቱ በሩን ገና ገርበብ እንዳደረገ ውሃው ፈልቶ ወጥቷል። ሹፌሩም «ቴርሞስታቱ አልከፍት አለ» ይላል። ቴርሞስታቱ ግን ምንም አላጠፋም፤ ያጠፋው ክዳኑ ነው።

የራዲያተር ክዳን እንደ ጠርሙስ ቆርኪ የሚታይ ዕቃ አይደለም። ውስጡ ስፕሪንግና ጎማ ያለው የግፊት ቫልቭ ነው። ብዙዎቹ ላይ «0.9» የሚል ተጽፎባቸው ታያላችሁ፤ 0.9 ባር ግፊት ይይዛል ማለት ነው። ያንን ግፊት በትክክል ከያዘ ደብረ ታቦር ላይ ያለው ውሃ እስከ 114 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ይቆያል። ከ91 እስከ 114 ያለውን ልዩነት አስቡት። ይህ ሁሉ መተንፈሻ የሚገኘው ከዚያች ክዳን ነው። ሌላም ሥራ አላት። ግፊት ከሌለ የውሃ ፓምፑ በሚስብበት በኩል ሊፈላ የደረሰው ውሃ እንፋሎት እየሆነ አረፋ ይፈጥራል፤ ፓምፑም ውሃ መግፋቱን ትቶ አረፋ ያሽከረክራል። ፍሰቱ የሚቆመው ያኔ ነው።

እኛ ግን ምን እናደርጋለን? ጎማዋ የተበላ ክዳን ላይ ፌስታል እናስርበታለን። ክዳኑ ከጠፋም የሌላ መኪና ክዳን እንከድናለን፤ ከገጠመ በቃ! ቴስታታ ለመቀየር ያን ሁሉ ብር ያወጣ ሰው ክዳን ለመግዛት ሲያመነታ ስንቴ አይቻለሁ።

ወደ ቴርሞስታቱ ልመለስ። «አውጥተህ ጣለው» የሚለው ምክር ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ ነው። ምክንያቱም ይገባኛል። አንዳንዴ ቴርሞስታቱ ተጣብቆ ይቀራል፣ ሲወጣ መኪናው ይሻለዋል፣ ከዚያ ምክሩ ለሁሉም መኪና ሕግ ይሆናል። ነገር ግን ብዙ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው ወደ ራዲያተር የሚወስደውን በር መክፈት ነው። ሁለተኛው በዚያው ቅጽበት ውሃው ወደ ራዲያተር ሳይሄድ በአቋራጭ ወደ ፓምፑ የሚመለስበትን መንገድ መዝጋት ነው። ይህ ዓይነቱን ቴርሞስታት ከታቹ ባለው ሁለተኛ ክብ ሳህን ትለዩታላችሁ። እሱን ስታወጡት አቋራጩ ክፍት ሆኖ ይቀራል። ከውሃው ከፊሉ ሳይቀዘቅዝ ተመልሶ ሞተር ይገባል። መኪናው ሜዳ ላይ ደህና ይመስላል፣ ዳገት ላይ ከበፊቱ ብሶ ይፈላል። ሜዳ ላይ ደግሞ፣ በተለይ በማለዳ፣ ሞተሩ በወጉ ሳይሞቅ ስለሚሠራ ናፍጣ ይበላል፣ ዘይቱ ይቆሽሻል፣ ፋሻው ያልቃል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይህ ነው።

ቴርሞስታቱን የምትጠረጥሩት ከሆነ አውጡትና ድስት ውስጥ ውሃ ላይ ጥዳችሁ እዩት። ይከፍታል ወይስ አይከፍትም? ካልከፈተ ቀይሩት። ከከፈተ መልሱት። የምናወራው ስለ 15 ደቂቃ ሥራ ነው። አንድ ነገር ብቻ አትርሱ፦ እዚህ አገር ክፍት ድስት 95 ስለማይደርስ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ላታዩ ትችላላችሁ። መክፈት መጀመሩንና ሲቀዘቅዝ መዝጋቱን እዩ።

ቀጥሎ ቴስታታው ሲቀየር እኛው ራሳችን የምንጨምረው ችግር አለ። ሥራው በወጉ ካልተሠራ ያልነበረ በሽታ ይዞ ይመጣል። ዋና ዋናዎቹን ልዘርዝር።

አንደኛ፣ የታፈነ አየር። ሞተሩ ሲፈታ ውሃው ሁሉ ወጥቷል። መልሰን ስንሞላ ራዲያተሩ «ሞላ» ይለናል፤ ቴስታታው ውስጥ ግን አየር ታፍኖ ተቀምጧል። የሙቀት መለኪያው አነፍናፊ ያ አየር ያለበት ቦታ ላይ ከዋለ ጌጁ ዝቅ ብሎ ያሳያል፣ ቴስታታው ግን እየነደደ ነው። ከዚያ ድንገት መርፌው ዘሎ ቀዩ ላይ ይወጣል። መፍትሔው ቀላል ነው። መኪናውን አፍንጫው ወደ ዳገቱ እንዲያይ አቁሙት። የሂተሩን ማዞሪያ ወደ ሙቅ ክፈቱት። የአየር ማስወጫ ቡሎን ካለው አላሉት። ውሃውን ቀስ እያላችሁ ሙሉ። ክዳኑ ተከፍቶ በሚኒሞ ይሥራ፣ ደረጃው ሲወርድ ጨምሩ፣ ውሃ ብቻ እንጂ አረፋ መውጣቱ ሲያቆም ክደኑት። በማግስቱ ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ እንደገና እዩት። ቴርሞስታቱ ላይ ያለችው ትንሽ የምትንቀሳቀስ ፒን ወደ ላይ መሆን አለባት፤ አየር የሚያልፈው በእሷ በኩል ነውና።

ሁለተኛ፣ ጋስኬት። የድሮ መካኒኮቻችን ጓርኒሲዮን የሚሉት ማለቴ ነው። የሁለት ሞተሮች ጋስኬት ተቀራራቢ ሊሆን ይችላል፤ የሲሊንደሩ ቀዳዳ ይገጥምና የውሃው ቀዳዳ አይገጥምም። ወይም በግልባጭ ይገባና ወደ ኋለኛው ሲሊንደር ውሃ የሚያሳልፈው ቀዳዳ ይደፈናል። የውሃ ቀዳዳዎቹ እኩል ያልሆኑት በስህተት አይደለም። ውሃው ከፊት ገብቶ እስከ ኋላ እንዲደርስ ተብሎ የፊቶቹ ጠበብ፣ የኋላዎቹ ሰፋ ተደርገው የሚሠሩበት ሞተር ብዙ ነው። ስለዚህ አሮጌውን ጋስኬት ከመጣላችሁ በፊት በአዲሱ ላይ ደርባችሁ ወደ ብርሃን አንሡት። ከዚያ አዲሱን ሞኖብሎኩ ላይ አድርጋችሁ እያንዳንዱን ቀዳዳ በጣት እዩ። ቴስታታውንም እንደዚሁ፣ በተለይ ከሶማሌ ተራም ሆነ ከሌላ ቦታ አሮጌ ገዝታችሁ ከመጣችሁ።

ሦስተኛ፣ ሲሊኮን። «እንዳያፈስ» ብለን የምንቀባው ሲሊኮን ስንጨብጠው ወደ ውስጥ ይወጣል፣ ይደርቃል፣ ተቆርሶ ይሄድና የራዲያተር ቀጫጭን ቱቦዎች አፍ ላይ ይሰነቀራል። ሲኖትራክ ላይ ይህን በደንብ ታውቁታላችሁ። የሲኖ ሞተር ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ ቴስታታ አለው፤ ስድስት ቴስታታ፣ ስድስት ጋስኬት። ከስድስቱ ውሃ የሚሰበስበው ቧንቧ በእያንዳንዳቸው ላይ ይታሰራል። አንዷ ላይ ሲሊኮን ቀዳዳውን ከደፈነ ያቺ አንድ ሲሊንደር ብቻዋን ትነዳለች። ከወር በኋላ «ያችው ሦስተኛዋ ቴስታታ እንደገና ሄደች» ይባላል፤ ጥፋቱም በዕቃው ይላከካል።

አራተኛ፣ የገጽ ጥራትና አጨባበጥ። አዲስ ቴስታታ ጠማማ ሞኖብሎክ ላይ ቢጫን ምን ዋጋ አለው? ቀጥ ያለ ብረትና ፊለር ጌጅ ይዛችሁ የታችኛውንም እዩ። የወረቀት ውፍረት ያህል ክፍተት ብዙ ነው። የቡሎን ጉድጓዶች ውስጥ ውሃ ወይም ዘይት ከቀረ ቡሎኑ የጠበቀ ይመስላል እንጂ አልጠበቀም፤ አንዳንዴም ሞኖብሎኩን ይሰነጥቃል። ከመሃል ጀምሮ ወደ ዳር፣ በደረጃ፣ በቶርክ ሬንች። «እጄ ያውቀዋል» የሚል ሰው እጁ ለአንዱ ቡሎን እውነት ሊናገር ይችላል፣ ለ18ቱ ግን አይችልም።

እነዚህ አዲስ የምንጨምራቸው ናቸው። ቀድሞ የነበረው ጥፋት ግን፣ በእኛ አካባቢ፣ ብዙ ጊዜ ራዲያተሩ ውስጥ ነው።

ፎገራ ሜዳ ላይ ክረምት ምን እንደሚመስል ለእናንተ አልነግራችሁም። ርብና ጉማራ ሲሞሉ የሚያመጡት ውሃ ደለል ነው። ረዳቱ ጀሪካኑን ይዞ ይወርድና ከመንገድ ዳር ቦይ ቀድቶ ይሞላል። «ውሃ ውሃ ነው» ይላል። ያ ደቃቅ ጭቃ ራዲያተሩ ውስጥ ይረጋል፣ ከዝገት ጋር ይጋገራል፣ ቱቦዎቹን ከታች ጀምሮ ይደፍናል። ከውጭ ደግሞ የሩዝ ገለባና የዋልካ ጭቃ በስስ ክንፎቹ መካከል ይገባል። ውስጡ ውሃ አያሳልፍ፣ ውጭው አየር አያሳልፍ፤ እንግዲህ ሙቀቱ በየት ይውጣ?

ምርመራው ውድ መሣሪያ አይፈልግም። እነዚህን በስልካችሁ ያዙልኝ።

ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ክዳኑን ክፈቱና አስነሡ። ገና በመጀመሪያዋ ደቂቃ አረፋ ያለማቋረጥ ከወጣ፣ ወይም ክዳኑ ተዘግቶ የላይኛው ቱቦ ሞተሩ ሳይሞቅ ከደነደነ፣ ያ የሚፈላ ውሃ አይደለም። ከሲሊንደር የሚያመልጥ የቃጠሎ ጋዝ ነው። ጋስኬቱ ወይም ስንጥቅ ነው፤ ተመልሳችሁ ትፈታላችሁ።

ጌጁ ሞቆ የላይኛው የራዲያተር ቱቦ ቀዝቃዛ ከሆነ ውሃው ከሞተር አልወጣም። ቴርሞስታት፣ የታፈነ አየር፣ ቺንጋ ወይም ፓምፕ እዩ። የፓምፕ ክንፎች በዝገት ተበልተው ዘንጉ ብቻ የሚዞርበት ጊዜ አለ፤ ከውጭ ሲታይ ጤነኛ ነው።

የላይኛው በጣም ሞቆ የታችኛው ቀዝቃዛ ከሆነ ውሃው ራዲያተሩን ማለፍ አልቻለም። ሁለቱንም ቱቦ ፈትታችሁ የታችኛውን አፍ በእጅ ይዛችሁ ሙሉና ልቀቁት። ጎርፎ መውጣት አለበት። ሽንት ከመሰለ ተደፍኗል።

ሁለቱም እኩል ከጋሉ ደግሞ ውሃው ይዞራል፣ የሚያቀዘቅዘው ግን የለም። ፋኑን፣ የፋኑን መከለያና የራዲያተሩን ፊት እዩ።

ሞተሩ ጋዝ ሲሰጠው የታችኛው ቱቦ ከተጨማደደና ከተጣበቀ ቱቦው ረክሷል ወይም ውስጡ ያለው ስፕሪንግ ጠፍቷል፤ ፓምፑ ሲስብ መንገዱን ራሱ ይዘጋዋል።

ከርቀት ሙቀት የሚለካ መሣሪያ ያለው ሰው ሥራው ይቀልለታል። በኮቪድ ጊዜ ግንባራችን ላይ ሲደገን የነበረው ዓይነት ግን አይሆንም፤ የእሱ ልክ ለሰው ገላ ነው። የሌለው ሰው ከፋን እየተጠነቀቀ በእጁ ይለይ። የሞቀ ክዳን ግን በጭራሽ እንዳትከፍቱ። ስንት ረዳት ፊቱን የተላጠው በዚህ ነው!

ይህ ሁሉ ምን ያህል የሰው ነገር እንደሆነ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። አንድ ሰው ከወንድሞቹ ጋር ገንዘብ አዋጥቶ አሮጌ አይሱዙ ገዛ። መኪናው ደጋግሞ ሲፈላ ቴስታታ ተቀየረለት፤ ከሁለት ወር በኋላ እንደገና ሄደ። ሁለተኛ ተቀየረ። እሱም አልቆየም። ባለንብረቱ ሥራውን የሠራውን ወጣት «አዲሱን ሽጦ አሮጌ ገጠመብኝ» ብሎ ከሰሰው። ልጁ ያስተማርኩት ነው። ነገሩ ሽምግልና ላይ ደረሰ፣ እኔም «የሚያውቅ ሰው ይምጣ» ተብዬ ተጠራሁ።

ሽማግሌዎቹ ፊት ምንም አልተናገርኩም። ሞተሩ ጥቂት እንዲሠራ አደረግንና አንዱን ሽማግሌ «አባ፣ እስቲ እዚህ ከላይ ይንኩት፣ አሁን ደግሞ ከታች» አልኳቸው። ከላይ ሲነኩ እጃቸውን ሰበሰቡ፣ ከታች ሲነኩ ቀዝቃዛ ነው። ከቀዘቀዘ በኋላ ራዲያተሩን አወረድነው፤ ለሁለት ሰው እንኳ ይከብዳል። የላይኛው ክዳኑ ሲነሣ ቱቦዎቹ በጭቃ ተጋግረዋል። ሽማግሌው ጣታቸውን ነክረው አሹትና «እንግዲህ ሁለቱን ቴስታታ የበላው ይኸው ነው» አሉ። ባለንብረቱ ልጁን ይቅርታ ጠየቀ፣ የቀረውንም የእጅ ዋጋ ከፈለው። በመዳብና በነሐስ የተሠራ ራዲያተር ስለነበር በሽቦ ተጠርጎ ዳነ። መኪናው ከዚያ በኋላ ብዙ ሠራ።

ልጁ ግን ስሙ ከጠፋ በኋላ የመጣ ይቅርታ አላስቀመጠውም። አገር ለቆ ሄደ፤ ዛሬ ሌላ ከተማ ነው የሚሠራው። እኛ አንድ ጎበዝ እጅ አጣን።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይኼ ነው። ያንን ራዲያተር በመጀመሪያው ቀን ማን መንካት ነበረበት? «መካኒኩ» ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ። ግን መካኒኩ ለዚያ ተከፍሎታል ወይ? ባለንብረቱ ጋራዥ ሲደርስ የሚለው «ቶሎ በል፣ ነገ ጭነት አለኝ» ነው። መካኒኩ «ግማሽ ቀን ስጠኝ፣ ልመርምረው፣ ይህን ያህል ትከፍላለህ» ቢለው ሌላ ጋራዥ ይሄዳል። ሌላው ጋራዥ ደግሞ በአንድ እይታ «ቴስታታ ነው» ይለዋል። በእርግጠኝነት የተናገረው ሥራውን ያገኛል፣ ልመርምር ያለው ያጣዋል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ተረት ለእኛ መንገድ የተተረተ ይመስለኛል።

ሂሳቡን ደግሞ አስቡት። በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የመለዋወጫ ዋጋ የት እንደደረሰ ታውቃላችሁ። ዕቃ ርካሽ በነበረበት ዘመን እየቀያየሩ መሞከር ያዋጣ ይሆናል። ዛሬ ግን አንድ ቴስታታ በስህተት መቀየር የአንድ ቤተሰብ የወራት ቀለብ ነው። ዕቃ በተወደደ ቁጥር ምርመራ ርካሽ እየሆነ ነው የመጣው። እኛ ግን የምንከፍልበትን ልማድ አልቀየርንም።

ይህ ልማድ ደግሞ ሥሩ ጥልቅ ነው። ብረት የሚነካን ሰው «ጠይብ»፣ «ቀጥቃጭ» እያልን ስንሰድብ የኖርን ሕዝብ ነን። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ ይቅር ብለው አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። አፄ ቴዎድሮስ መድፍ ያስቀለጡበት ጋፋትም ከደብረ ታቦር አጠገብ፣ እዚሁ ከደጃችን ነው። ስድቡ ዛሬ ቀንሷል፤ ንቀቱ ግን መልኩን ለውጦ አለ። ለብረቱ እንከፍላለን፣ ብረቱን ለሚያውቀው ጭንቅላት አንከፍልም። ሐኪም ዘንድ ስንሄድ ካርድ አውጥተን፣ ለላቦራቶሪ ከፍለን፣ ከዚያ ነው መድኃኒት የምንገዛው። ለመኪና ሲሆን መድኃኒቱን ገዝተን እንመጣና «ውጋልኝ» እንላለን።

እኛ አስተማሪዎችም ከደሙ ንጹሕ አይደለንም። እኔ ባየሁት፣ ተማሪዎቻችንን የምንፈትናቸው ፈታ፣ አጠበ፣ ለካ፣ ገጠመ እያልን ነው። ጥሩ ነው፣ ያስፈልጋል። ግን ሆን ብለን ያበላሸነውን ሞተር ሰጥተን «ሳትፈታ ምን እንደሆነ ንገረኝ» የምንልበት ጊዜ ጥቂት ነው። ቴርሞስታት ገልብጦ መግጠም፣ ጋስኬት ላይ አንድ የውሃ ቀዳዳ መድፈን፣ የላላ ክዳን መክደን፤ ይህ ገንዘብ አይጠይቅም። አንድ አሮጌ ሞተርና አንድ ክፉ መምህር ይበቃል! በዚህ መንገድ የተፈተነ ልጅ ጋራዥ ሲገባ መጀመሪያ የሚያነሣው ቁልፍ ሳይሆን ጥያቄ ይሆናል።

«ሁሉንም እንዴት እንፈትሽ፣ ጊዜው የት አለ?» የሚለኝ እንደሚኖር አውቃለሁ። ከላይ የዘረዘርኩት ሁሉ ተደምሮ ግማሽ ቀን አይሞላም። ቴስታታ ለማውረድና ለመመለስ ከሚፈጀው ያነሰ ነው። «ኩላንት ውድ ነው» የሚለውም እውነት አለው። ኩላንት ግን ለብርድ ብቻ የሚመስላችሁ ተሳስታችኋል። ግማሽ በግማሽ ሲደባለቅ የመፍያ ነጥቡን በጥቂት ዲግሪዎች ከፍ ያደርጋል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ዝገት ይከላከላል። እውነት አቅሙ ለጊዜው ከሌለ፣ ቢያንስ ንጹሕ ውሃ በጀሪካን ከቤት ይዛችሁ ውጡ። ከቦይ አትቅዱ። ይህች እንኳ ምንም ወጪ የላትም።

ስለዚህ የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው።

ባለንብረቶች፦ ቴስታታ ከመግዛታችሁ በፊት «የመጀመሪያው ለምን ሄደ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ የሌለው ጋራዥ ውስጥ ዕቃ አትግዙ። መልስ ለሚፈልግላችሁ ደግሞ የግማሽ ቀን ዋጋውን ሳትከራከሩ ክፈሉ።

መካኒኮች፣ በተለይ እናንተ ልጆቼ፦ የምርመራ ዋጋችሁን ለይታችሁ ተናገሩ፣ ወረቀት ላይም ጻፉት። ያያችሁትን፣ የለካችሁትን፣ «ራዲያተሩ ይጠረግ ብያለሁ፣ ባለንብረቱ አልፈለገም» የሚለውን ጭምር ጽፋችሁ አስፈርሙ። ያ ወረቀት ሽምግልና በተጠራችሁ ቀን ይናገርላችኋል።

ሹፌሮችና ረዳቶች፦ የፈላ መኪና ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አትድፉ፤ ቴስታታ የሚሰነጠቀው ብዙ ጊዜ ያኔ ነው። ዳር ያዙ፣ አጥፉ፣ ይቀዝቅዝ፣ ቆዩ። ተሳፋሪዎችም እባካችሁ «ሂድ እንጂ፣ መሸብን» አትበሏቸው።

ውስጥ መስመር ለጻፋችሁልኝ ሦስታችሁ፦ ቴርሞስታቱን አትጣሉት። ከክዳኑ ጀምሩ፣ ከዚያ አየሩን አስወጡ፣ ከዚያ ሁለቱን ቱቦ ንኩ። ያገኛችሁትን እዚህ ኮሜንት ላይ ጻፉት፣ ሌላውም ይማርበት። እናንተም ጋራዥ ውስጥ ያላችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ከዚህ የተለየ ያጋጠማችሁ ካለ ጨምሩበት። የማትስማሙበት ካለም ተከራከሩኝ፤ ክፍል ውስጥ እንደምትከራከሩኝ።

መንገዳችሁ ሰላም ይሁን።